ከውዱእ በኋላ አንድ ጣት ቫዝሊን



ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ጎረቤቶቼ አንዷ ገና በጠዋቱ በሬን አንኳኩ። ከኋላቸው የ20 ዓመት ልጃቸው ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ቆማለች። «እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ስለምትሠሪ እስቲ ይህችን ልጅ እይልኝ» አሉ። ኒካሕዋ ሊታሰር የቀረው 3 ሳምንት ብቻ ነበር። ሻርፑን ስትገልጠው ጉንጮቿ እሳት የላሳቸው ይመስል ቀልተዋል። አገጭዋ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር ፈልቷል። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ።

«ምን ተቀብተሽ ነው?» አልኳት። ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። ስም የለባትም፣ የተሠራችበት ቀን የለባትም፣ ምን እንደያዘች የሚገልጽ ጽሑፍም የለባትም። አንድ የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ ከሦስት ቱቦ ተጨምቆ የተደባለቀ «ቅልቅል» ነው። «ለሠርግሽ ፊትሽን ያቀላዋል ተብዬ ነው፣ እትዬ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፊቴ አበራ፤ ሰው ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው ሲለኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ቀን ሳልቀባው ከዋልኩ ያቃጥለኛል» አለችኝ።

ይህ ታሪክ የእርሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓምዱን አላነሣበትም ነበር። እንዲህ ባሉ ቅልቅሎች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ነገሮች ታውቀዋል። አንደኛው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ይህ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ሐኪም ለችፌና ለመሳሰሉት የቆዳ ሕመሞች ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉር ያወጣል፣ አንዳንዴም ፀጉር ያበቅላል። ሊያቆሙት ሲሉ ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላልም። ያች ልጅ «ካልቀባሁት ያቃጥለኛል» ያለችው ይህንኑ ነው፤ ቆዳዋ ሱስ እንደያዘው ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት አቀላዋለሁ ያሉትን ፊት መልሶ ሰማያዊ ቅልም ባለው ጥቁረት ሊያዥጎረጉረው ይችላል፤ ይህ ጥቁረት ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያ ቅባቶች ያገደችው ይህን ጉዳት በሕዝቧ ላይ ካየች በኋላ ነው። አውሮፓውያንም እ.ኤ.አ. በ2001 ከማቅያ ቅባቶች አስወጥተውታል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ከእናት ወደ ፅንስም ያልፋል። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ ያለባቸው ማቅያ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ ተወስኗል። ነገር ግን ስም በሌላት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለውን ማን ይቆጣጠረዋል?

«ታዲያ ምን እንቀባ?» ትሉኝ ይሆናል። እናትየዋም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን የምንኖርበትን አገር አየር ላስታውሳችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ በቀትር የቆመ ሰው ፊቱ እየተቃጠለ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከለቡና ከሃና ማርያም ግንባታዎች የሚነሣው አቧራ ቤት ድረስ ይገባል።

በዚህ አየር ላይ እኛ በቀን እስከ አምስት ጊዜ ፊታችንን፣ እጃችንንና እግራችንን እንታጠባለን። ይህ ትልቅ ንጽሕና ነው። ብዙዎቻችን ግን ከታጠብን በኋላ ውኃውን ለነፋስ እንተወዋለን። ውኃ ቆዳ ላይ ተኖ ሲያልቅ የቆዳውንም እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ከንፈር የሚሰነጠቀው፣ የእጅ ጀርባ አመድ የሚመስለው፣ የአባቶቻችን ተረከዝ የሚነቃው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር አጭር ነው። ከሱብሒ ውዱእ በኋላ ፊትን በፎጣ ሳያሹ ጠበቅ ጠበቅ እያደረጉ ማድረቅ፤ ቆዳው ገና ረጠብ እንዳለ በአንድ ጣት ጫፍ የተወሰደች ቫዝሊን በሁለት መዳፍ አሟሽቶ ፊትን፣ እጅንና እግርን በስሱ መቀባት። ከዒሻእ በኋላም እንዲሁ። በቃ! ቫዝሊን ራሱ እርጥበት የለውም፤ ሥራው ያለውን እርጥበት መቆለፍ ነው። ደረቅ ፊት ላይ ቀብተውት «አልሠራልኝም፣ አቧራ ብቻ ሰበሰበብኝ» የሚሉ ሰዎች የቆለፉት ባዶ ቤት ነው። ፊታቸው ወዛምና ብጉር የሚበዛበት ወጣቶች ፊታቸውን ከቫዝሊን ቢያሳርፉት ይሻላል። ለእነርሱ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን፣ አንዱን እጅ በሦስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አቅጥነው ቢቀቡት ይስማማቸዋል፤ ጥቂት ጥቂት እያዘጋጁ እንጂ ለወር አይበጠበጥም።

«ቅባቱ ለቀጣዩ ውዱእ ውኃ አይከለክልም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ዑለሞቻችን አካል ኖሮት እንደ ቅርፊት የሚሸፍን ነገርንና ቆዳ ጠጥቶት ወዙ ብቻ የሚቀር ቅባትን ለይተው ያስተምራሉ። በስሱ የተቀባው ከሁለተኛው ወገን ነው። ተረከዝ ላይ በወፍራሙ የተለጠፈውን ግን ጠርጎ መታጠብ ይገባል። ጥርጣሬ ያለው የሰፈሩን ዓሊም ይጠይቅ፤ እኔ ነርስ ነኝ።

ሳሙናን በተመለከተ ደግሞ በብዙ ቤት አንድ ሳሙና ልብስም፣ ዕቃም፣ ፊትም ያጥባል። የልብስ ሳሙና የቆዳን ተፈጥሯዊ ወዝ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ለፊት ሽታው ያልበዛ ተራ የገላ ሳሙና ይበቃል፤ እርሱም በቀን አንድ ጊዜ፣ የቀኑን አቧራና ጭስ ለማንሣት ማታ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አንድ ጆግ ውኃ እንኳ አይጨርስም። ቀሲል የለመዱ የድሬዳዋና የጅግጅጋ እህቶቻችን ንጹሕ እስከሆነ ድረስ በዚያው ይቀጥሉ፤ ያደርቃልና ቅባቱን አይርሱ። ሎሚ ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ መውጣት ግን ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። የጥርስ ሳሙናም ለጥርስ ነው የተሠራው።

ለፀሐይ ጥላ፣ የሻርፕ ጫፍ፣ ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በጥላ በኩል መሄድ ምንም ወጪ የለውም። «ኤስ.ፒ.ኤፍ 30» እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለሁሉም ቤት አይደለም። የቤቱ አቅም ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማድያት ላለባት እናት ይገዛላት። ማድያት ያለባት ሴት ከፀሐይ ሳትከለል የምትቀባው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ይህ ክሬም እንደ መድኃኒት ይቆጠር እንጂ እንደ ቅንጦት አይታይ።

ስለ አባቶች ተረከዝ አንድ ነገር ልበል። ማታ ለብ ባለ ውኃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ፈግፍጎ፣ ቫዝሊን ደህና አድርጎ ቀብቶ ካልሲ አጥልቆ መተኛት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታያል። በምላጭ መቅረፍ አይገባም፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ከቶ አይታሰብም፤ ትንሿ ስንጥቅ ወደማይድን ቁስል ልትለወጥ ትችላለችና ሐኪም ይያት።

ሠርግ ካነሣን አይቀር፣ «ጥቁር ሂና» ከሚሉት ተጠንቀቁ። ሂና ሲደርቅ ወደ ቡናማ ቀይ የሚያደላ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ብሎ የሚጠቁረው የፀጉር ቀለም ተቀላቅሎበት ነው፤ እጅን በውኃ ቋጠሮ የሞላባቸውን ሙሽሮች አይቻለሁ።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። እዚያው ዕለት ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ላክኋቸው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው። ሐኪሙ ቅልቅሉን እንዴት እንደምታቆም ጻፉላት፤ ከመሻሉ በፊት ሊብስባት እንደሚችልም ሳይደብቁ ነገሯት። እናትየዋ ሠርጉን ለማዘግየት ፈልገው ነበር። ልጅቷ ግን «እማዬ፣ ሰዎቹ ለሽምግልና ሲመጡ ፊቴ ጠይም ነበር፣ አይተውኛል» አለች። ኒካሑ በቀኑ ታሰረ። ሙሽራዋ ምንም ሳትቀባ፣ ጉንጯ እንደቀላ ተቀመጠች። አማቷ ጠጋ ብለው ምን እንደሆነች ጠየቋት፤ ስትነግራቸውም ዝም ብለው ቆዩና በነጋታው እርሳቸው ከሚጠቀሙባት ከተመሳሳይ ዕቃ ጋር እኔ ቤት መጡ።

ሐምሌ ላይ መቅላቱ ለቀቃት። ጥቂት ጠባሳ ቀርቶባታል። እናትየዋ ትልቁን ቫዝሊን መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከውዱእ ጆጉ አጠገብ አስቀምጠውታል። የቤቱ ሰው ሁሉ ከዚያው ይወስዳል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ግማሽ ደርሷል፤ የጣቶቹም ምልክት ትልቅም ትንሽም ነበረበት።