የማባዛት ሰንጠረዥ አቡጊዳ ያስፈልገዋል፦ ለሀገር ቤት ወላጆችና መምህራን ግልጽ ደብዳቤ

የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ 3.2 በመቶ መሆኑ ሲነገር፣ በውጭ የሚኖረው ወገን ዜናውን እንደ መርዶ ነበር የሰማው። ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ መምህራን ኑሮ ብዙ ተብሏል፤ የተባለውም እውነት ነው፤ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ግን ከዚያ ሁሉ ሥር፣ በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ሳይታይ የሚያልፍ አንድ ጉድለት አለ ብሎ ያምናል፤ እርሱም የማባዛት ሰንጠረዥ አጠናን ነው።

ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል እንደሆነ፣ በተጨናነቀ ክፍል ቆሞ የሚያስተምረውን መምህር ለመውቀስም በውጭ የሚኖር ሰው አፍ እንደሌለው ይታወቃል። በውጭ ያሉ ወላጆችም ቢሆኑ ልጆቻቸውን ከስልክ አላቅቀው ስድስት ጊዜ ሰባትን በቃል ማስያዝ ተስኗቸዋል። ቢሆንም ነገሩ ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

በደብተር ጀርባ የታተመው ሰንጠረዥ በኅብረት እየተዜመ ይጠናል፤ ልጁ ከሰባት ጊዜ አንድ እስከ ሰባት ጊዜ ዐሥር ሳይደናቀፍ ሲወርደው «ያውቀዋል» ይባላል። ይኸው ልጅ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ከመሀል ሲጠየቅ ግን ከመጀመሪያው ተነሥቶ እያዜመ ካልደረሰበት በቀር መልሱ ይጠፋዋል፤ የያዘው ተራውን እንጂ ቁጥሩን አይደለምና።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሀገር ውጭ የሚፈለግ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን በዜማ የወረደ ልጅ ፊደል ለየ አይባልም፤ የኔታ ወደ አቡጊዳ፣ ማለትም ፊደላቱ ከለመደው ተራ ወጥተው ወደሚነበቡበት ገበታ ያሻግሩታል፤ በዚያም ልጁ ዜማው ሳይደግፈው እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ይለያል። ፊደል አቡጊዳ ሲኖረው ማባዛት ለምን ያጣል? ጃፓኖች በሁለተኛ ክፍል ሰንጠረዡን እያዜሙ ካስጠኑ በኋላ ወደ ታችም፣ ተዘበራርቆም ያስጠይቃሉ። በእንግሊዝ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች 25 የተዘበራረቁ ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱም 6 ሰከንድ ይሰጣቸዋል። ይህ የሚነሣው የፈረንጅ ሁሉ ይሻላል ለማለት አይደለም፤ ሕፃንን በሰከንድ ማስጨነቅ ተገቢም አይመስልም፤ መዘበራረቁ ግን የየኔታ ጥበብ ነው።

ሸክሙም እንደሚፈራው አይደለም። ከ2 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች እርስ በርሳቸውና በራሳቸው ሲባዙ 64 ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ ተባዦች ቦታ ቢለዋወጡ ብዜቱ፣ ማለትም የማባዛቱ ውጤት፣ ስለማይለወጥ 36 ይሆናሉ፤ ልጆች ቶሎ የሚለምዷቸው የ2 እና የ5 ብዜቶች ሲቀነሱም 21 ብቻ ይቀራሉ። መልሱ የጠፋው ልጅም በእጥፍ ሊደርስበት ይችላል፦ አንድ ስምንት 8፣ ሁለት ስምንት 16፣ አራት ስምንት 32፣ ሦስቱ ሲደመሩ ሰባት ስምንት 56።

እንግዲህ በየቤቱ ዛሬ ማታ ልጁ ሰንጠረዡን እንዲወርድ ሳይሆን ሰባት ጊዜ ስምንትን ለብቻው እንዲመልስ ይጠየቅ፤ ቢያጣውም አይመታ፣ እጥፉ ይታየው። ጸሐፊው ተሳስቷል የሚል መምህር ካለ ደግሞ ምክንያቱን ይጻፍ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው መልስ ለማግኘት ነው።