ዝቃጭ የሚያነብ ሰው ያስፈልገናል

ሴባስቶፖልን የማያውቅ ልጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መድፉ የተሠራበትን የጋፋትን ምድጃ ግን ማን ይጠይቃል? ሰው የሚያደንቀው ያለቀለትን ዕቃ ነው። ማዕድን በእሳት ሲነጠር የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ከተራ ድንጋይ ተቆጥሮ ይጣላል። የሥራው ታሪክ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው፤ ያጣነው የሚያነብልንን ሰው ነው።

ዝቃጩ ተቆርጦና ተወልውሎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ኬሚካዊ ይዘቱም ሲለካ፣ ምድጃው ምን ያህል እንደጋለና ማዕድኑ ምን ዓይነት እንደነበረ ይናገራል። ከሰል ተቀርቅሮበት ከተገኘ ዘመኑ በካርቦን 14 ሊለካ ይችላል። የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚፈናጠረው ደቃቅ ቅርፊት ደግሞ ከአፈር የሚለቀመው በማግኔት ነው። ስለዚህ ባለሙያው መፈለግ ያለበት ከቁፋሮው በፊት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ቢጠራ፣ ቅርፊቱ ከአፈሩ ጋር ተደፍቶ ይጠብቀዋል!

የናይሮቢ ነዋሪዎች ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለንም። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 በኔቪል ቺቲክ መሪነት አክሱምን ያስቆፈረው የብሪታኒያ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንስቲትዩት መቀመጫው እዚሁ ነው። አብዮቱ ያቋረጠውን ቁፋሮ ከ1993 እስከ 1997 ዴቪድ ፊሊፕሰን ቀጠሉት። ኬንያዊው አርኪዮሎጂስት ቻፑሩካ ኩሲምባም የስዋሂሊ ጠረፍን ብረት ሲያጠኑ ከብረት ተመራማሪው ከዴቪድ ኪሊክ ጋር ሠርተዋል። መቆፈር አንድ ሙያ፣ ብረት መመርመር ሌላ ሙያ ነውና።

ልጃችን በኬሚስትሪ ሲጎብዝ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ይሁንልን እንላለን። እኔም ወላጅ ነኝ፣ ይገባኛል። ነገር ግን ያ ኬሚስትሪ የአክሱምንም ብረት ሊመረምር እንደሚችል ማን ነግሮት ያውቃል?

ባለሙያ ማለት ደግሞ ላቦራቶሪ ያለው ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ ፒተር ሽሚትና ዶናልድ ኤቨሪ የሃያ ሽማግሌዎችን ለምነው ምድጃውን እንደ ጥንቱ አሠርተው አዩ፤ ጥናታቸውንም በ1978 አሳተሙ። እኛ ግን ወናፍ የሚነፋውን ሰው «ቡዳ» እያልን ስንሸሸው ኖረናል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልጠፋም። በዚህ ዓይነት፣ የሚያውቀው ሰው ዕውቀቱን ለማን ይንገር?

ተማሪዎች፣ ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ቀጥቃጭ ካገኛችሁ ወናፉ ከምን እንደተሠራ፣ ከሰሉ ከየትኛው እንጨት እንደሚከሰል በአክብሮት ጠይቁ። አያቶቻችሁ ቢቆጡም ጠይቁ። መሬት ላይ ያያችሁትን አሮጌ ዝቃጭ ግን ካለበት አታንሱት።