ቴልቴልን ምን ጣለው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ራፋኤል የሚገኘው ቴልቴል ጌምስ ከሁለት መቶ በላይ ሠራተኞቹን በአንድ ቀን አሰናበተ። የስንብት ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። የተጀመረ ሥራ እንዲቋጩ የቀሩት ሃያ አምስት ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ብዙ አልቆዩም። በ2012 «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በተሰኘው ሥራው በስፓይክ የቪዲዮ ጌም ሽልማት ላይ የዓመቱን ምርጥ ጌም ማዕረግ ከግዙፎቹ እጅ የወሰደው ይኸው ስቱዲዮ ነው። ከሽልማቱ እስከ መዘጋቱ ያለው ጊዜ ስድስት ዓመት አይሞላም።

ስለ ውድቀቱ ሲወራ ሁለት ምክንያቶች ቀድመው ይነሳሉ፤ የአመራር ችግርና የገንዘብ እጥረት። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኬቨን ብሩነር ከሥራ አስኪያጅነት ከለቀቀ በኋላ ድርጅቱን ከሷል፤ ገንዘብ ያፈሳሉ ተብለው የተጠበቁ ባለሀብቶችም በመጨረሻው ሰዓት አፈግፍገዋል። ይሁንና ገንዘቡ ለምን አጠረ? ገዢውስ ለምን ሸሸ? በእኔ አመለካከት መልሱ ያለው ጌሞቹ ውስጥ ነው። ቴልቴል ለተጫዋቹ የሸጠው ምርጫን ነበር፤ የሚያመርትበት መንገድ ግን ምርጫን ማክበር አይችልም ነበር። የመጀመሪያው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ይህን ጉድለት በጥበብ ሸፈነው። ተከታዮቹ ጉድለቱን ሙያ አድርገው ያዙት።

ስቱዲዮውን በ2004 የመሠረቱት በቀልድና በእንቆቅልሽ ከተሞሉ የጀብዱ ጌሞች ቤት፣ ከሉካስአርትስ፣ የወጡ ባለሙያዎች ናቸው። የዚያ ዓይነት ጌም ገበያው ሲቀዘቅዝ እነሱ ታሪኩን በክፍል በክፍል እየቆረሱ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመሩ። በ2006 የወጣው «ሳም ኤንድ ማክስ» መንገዱ እንደሚያስኬድ አሳየ። በ2012 የሮበርት ከርክማንን የዞምቢ ኮሚክ ይዘው ሲመጡ ግን እንቆቅልሹን ገሸሽ አድርገው ውሳኔን መሃል ላይ አስቀመጡት።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊ ኤቨረት የታሪክ መምህር የነበረ፣ ሰው ገድሎ ተፈርዶበት በፖሊስ መኪና ወደ እስር ቤት እየተወሰደ ያለ ሰው ነው። ዓለም ሲገለባበጥ ወላጆቿ አጠገቧ የሌሉ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ክሌመንታይን፣ እጁ ላይ ትወድቃለች። ሰው ባናገረው ቁጥር ለተጫዋቹ መልሶች ይደረደሩለታል፤ ጊዜው እያለቀበት ይሄዳል፤ ዝም ማለትም እንደ መልስ ይቆጠራል። አንዳንዴ ስክሪኑ ጥግ ላይ ልጅቷ ይህን እንደምታስታውስ የሚናገር ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሲጀመር ታሪኩ በአጨዋወቱ ልክ እንደሚሰፋለት ማሳሰቢያ ይነግረዋል፤ ሲያልቅ ከሌሎቹ ተጫዋቾች ስንት በመቶው እንደ እሱ እንደወሰነ ያሳየዋል።

አንዱን ውሳኔ ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ሜከን ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ይወድቃሉ፤ ጋዜጠኛዋ ካርሊና የኮምፒውተር ባለሙያው ዳግ። ጊዜው አንዱን ለማዳን ብቻ ይበቃል። ካርሊን ያዳነ ዳግን ያጣል፤ ዳግን ያዳነም ካርሊን። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ግን የዳነችው ካርሊ ከሆነች ሊሊ የምትባል የቡድኑ አባል ተኩሳ ትገድላታለች፤ የዳነው ዳግ ከሆነም በዚያው ቦታ፣ በዚያችው ሴት ጥይት ይወድቃል። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት እንደሚባለው፣ ሁለቱም መንገዶች እዚያው ይገናኛሉ።

የቴልቴል ሰዎች ይህን ያደረጉት ስለሰነፉ አልነበረም፤ ሒሳቡ ያስገድዳል። እያንዳንዱ ውሳኔ ታሪኩን ለሁለት ቢከፍለውና ቅርንጫፎቹ መልሰው ባይገናኙ፣ አሥር ውሳኔ 1,024 ፍጻሜ ይወልዳል፤ ሃያ ውሳኔ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሚሰጥ ተዋናይ፣ አኒሜሽንና ፍተሻ ያስፈልጋል፤ አንድ ተጫዋች ግን ከዚህ ሁሉ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ጥቂት ያስኬደዋል፣ ከዚያ ወደ ግንዱ ይመልሰዋል። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው፣ ቅርንጫፉ ሲመለስ ለተጫዋቹ የሚተርፍለት ነገር ነው።

በመጀመሪያው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የምትተርፈው ክሌመንታይን ናት። ሊ አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ይነከሳል፤ ማንም ምንም ቢመርጥ ከሞት አያመልጥም። ተጫዋቹ የሚወስነው ሊ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚሞትና ልጅቷ ከእሱ ምን ተምራ እንደምትቀር ነው። የመጨረሻው ምርጫም ይህንኑ ይጠይቃል፤ እንድትተኩስበት ይንገራት ወይስ ትታው እንድትሄድ? ዓለሙ ባይለወጥም ውሳኔው ክብደት ነበረው፤ ጸሐፊዎቹ ቃላቸውን በአንዲት ልጅ ላይ ጠብቀውታል።

ገበያው ይህን ወደደ። በ2013 መጀመሪያ 8.5 ሚሊዮን ክፍሎች መሸጣቸው ተነገረ። ስቱዲዮው ከዚህ ስኬት የወሰደው ትምህርት ግን ቀመሩን ነበር፤ የታወቀ ስም ተከራይቶ፣ በክፍል በክፍል ቆርሶ፣ ቶሎ ቶሎ ማውጣት። በ2013 «ዘ ዉልፍ አሞንግ አስ»፣ በ2014 «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ና «ቴልስ ፍሮም ዘ ቦርደርላንድስ»፣ በ2015 «ማይንክራፍት»፣ በ2016 «ባትማን»፣ በ2017 «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ» ተከታተሉ። ጥሩ ሥራዎች በመሃላቸው ነበሩ። ሆኖም የሠራተኛው ቁጥር ከሦስት መቶ ሲያልፍ ኢንጂኑ፣ ማለትም ጌሞቹ የሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ ያው አሮጌው ነበር፤ ምስሉ እየተንገጫገጨ ተጫዋቹን ያማርር ነበር። የመጀመሪያውን «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የመሩት ሾን ቫናማንና ጄክ ሮድኪን በ2013 ወጥተው የራሳቸውን ስቱዲዮ አቋቋሙ፤ በ2016ም «ፋየርዎች»ን አወጡ።

የተከራዩት ስምም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ተጫዋቹ ጨካኙን ገጸ ባሕርይ ራምሴ ስኖውን የቱንም ያህል ቢጠላው ሊገድለው አይችልም፤ ሰውየው ለቴሌቪዥኑ ድራማ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሌላ በሆነ ታሪክ ውስጥ የምርጫው አጥር አስቀድሞ ታጥሯል።

የተጫዋቹ እምነት በግልጽ የተሰበረው ግን በራሱ በዎኪንግ ዴድ ነው። በ2014 የተጠናቀቀው ሁለተኛ ምዕራፍ ተጫዋቹን ራሷን ክሌመንታይንን ያደርገዋል። መጨረሻው ላይ አብረዋት የሚጓዙት ኬኒና ጄን በረዶ ውስጥ ይተናነቃሉ፤ ልጅቷ ሽጉጥ ይዛለች። ኬኒ ላይ ትተኩሳለች ወይስ ፊቷን አዙራ ጄን እንድትሞት ትተዋለች? ከዚህ ተነስቶ ታሪኩ በእርግጥ ወደተለያዩ ፍጻሜዎች ይሄዳል። በ2016 የወጣው ሦስተኛው ምዕራፍ ታዲያ ምን አደረገ? ከኬኒ ጋር የቀረ ተጫዋች ኬኒን በመኪና አደጋ ሰበብ ያጣዋል፤ ከጄን ጋር የቀረ ጄን ራሷን አጥፍታ ያገኛታል፤ ሌሎቹም መንገዶች ክሌመንታይንን ብቻዋን ወደ መሆን ይመልሷታል። ተጫዋቹ ሁለት ዓመት የተሸከመው ውሳኔ በጥቂት ደቂቃዎች ትውስታ ተጠቅልሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው የሚጠበቅ ነው። ምርጫው ክብደት ከሌለው መጫወትና ሲጫወቱ ማየት አንድ ይሆናሉ፤ ያንን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። በኖቬምበር 2017 ዘጠና ሠራተኞች፣ ማለትም ከአራቱ አንዱ፣ ተቀነሱ፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፒት ሃውሊም ጥቂት ግን የተሻሉ ጌሞች እንሠራለን አለ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

«የጌሙ ዓይነት ራሱ ጊዜው አልፎበት ነው» የሚል ይኖራል። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። ቴልቴል በተዘጋበት በዚያው 2018 የወጣው «ዲትሮይት፦ ቢካም ሂውማን» በየምዕራፉ መጨረሻ የተጫዋቹን መንገድና ያልሄደባቸውን ቅርንጫፎች በሥዕል ዘርግቶ ያሳያል፤ የሚደብቀው ስለሌለው ነው። በ2023 «ባልደርስ ጌት 3» ምርጫን እስከ ጥግ ወስዶ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት አገኘ። በ2025 ደግሞ የቀድሞ የቴልቴል ሰዎች ባቋቋሙት አድሆክ ስቱዲዮ «ዲስፓች» ወጣ፤ በክፍል በክፍል እየተለቀቀ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መንገዱ ያው የቴልቴል መንገድ ነው፤ ሰዎቹም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። የተለየው፣ ከስቱዲዮው ጋር በአንድ ዓመት ሦስትና አራት የኪራይ ስሞች አለመታሰራቸው ነው።

የክሌመንታይንን የመጨረሻ ምዕራፍ የከርክማን ድርጅት ስካይባውንድ ከቀድሞ ሠራተኞች ጥቂቱን ሰብስቦ በማርች 2019 አስጨረሰው። የቴልቴልን ስም ሌሎች ገዝተውት በዚያው ዓመት እንደገና ተነሳ። ከዚህ ታሪክ ለሚማር የሚቀረው ፍርድ አጭር ነው፦ ሃምሳ ምርጫ አቅርቦ ሁሉንም ከማፍረስ ሦስት አቅርቦ ሦስቱንም ማክበር ይሻላል።