ጭቃውን እንዳትደፋው!

በየሳምንቱ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። የዛሬውም የፍቅር ነው፤ ግን መሀሉ ላይ ሽሪምፕ ገብቶበታል!

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ» ይላል ጠያቂያችን። «ፍቅረኛዬ ካሊፎርኒያ ከሄደች ዓመት ሊሞላት ነው። በሰው እጅ ‘ፌሪ ሽሪምፕ’ የሚባል ነገር የደረቀ እንቁላል ላከችልኝ። ‘እስክመጣ አሳድጋቸው’ አለችኝ። በፕላስቲክ ሳፋ ፈለፈልኳቸው፤ አደጉ። በሰባተኛው ሳምንት ግን አንድ በአንድ አለቁብኝ። አንዳንዶቹ ከእግራቸው በስተኋላ ነጠብጣብ የሞላበት ከረጢት ነበራቸው፤ በሽታ ይሆን? እናቴ ‘ይሄን ጭቃ ድፋልኝ’ እያለች ነው። ለልጅቷ ምን ብዬ ልንገራት? የፍቅራችን ማለቂያ ምልክት መሰለኝ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ያ ከረጢት በሽታ አይደለም፤ የእንቁላል መያዣ ነው! ሴቶቹ እንቁላላቸውን እዚያ ይዘው ይቆዩና ውሃው ውስጥ ይጥሉታል። እናትህ ድፋ የሚሉህ ጭቃ ውስጥ እኮ ቀጣዩ ትውልድ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

እስቲ እነዚህን ፍጥረታት እንተዋወቃቸው። በሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ የምናውቀው ሽሪምፕ አይደሉም፤ የሩቅ ዘመዱ ናቸው። ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ጠንካራ ሽፋን የላቸውም፤ ሰውነታቸው ብርሃን ስለሚያሳልፍ አንጀታቸው ውስጥ ያለው ምግብ ሳይቀር ይታያል። ሁለቱ ዓይኖቻቸው በአጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ናቸው። የሚዋኙት በጀርባቸው ተንጋለው ስለሆነ ተገልብጠው ብታያቸው አትደንግጥ። አብዛኞቹ 11 ጥንድ ቅጠል መሳይ እግሮች አሏቸው፤ በእነሱ ይቀዝፋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ምግባቸውንም ከውሃው እያጠለሉ ወደ አፋቸው ይገፋሉ። ወንዱን የምትለየው ሴቷን አጥብቆ በሚይዝበት ትልቅ አንቴናው ነው።

ታዲያ ለምን ቶሎ ሞቱ? ቤታቸው ዝናብ ሞልቶት ፀሐይ የሚያደርቀው ኩሬ ነዋ! እንዲህ ያለ ኩሬ ዓሣ ስለማያኖር የሚበላቸው ጠላት ይቀንሳል፤ ጊዜ ግን የለም። ስለዚህ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላሉ፣ በሞቀ ውሃ በሁለት ሦስት ሳምንት ለአቅመ መራባት ይደርሳሉ፣ ጥቂት ሳምንታት ኖረው ያልፋሉ። ሰባት ሳምንት ካቆየሃቸው ጎበዝ አሳዳጊ ነህ።

የእንቁላሉ ነገር ደግሞ ይገርማል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፅንስ ጥቂት ካደገ በኋላ ቀጥ ይላል፤ ድርቁን፣ ሐሩሩን፣ ውርጩን ተኝቶ ያሳልፋል፤ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። ውሃ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አይፈለፈልም። የመጀመሪያው ዝናብ ሊያታልል ይችላላ! ከፊሉ ለሚቀጥለው ይጠብቃል።

አሁን ሥራህ ይሄ ነው። የቀረው ውሃ ጥላ ሥር በራሱ ይትነን፤ አንዳንድ እንቁላል ስለሚንሳፈፍ አትድፋው። ጭቃው ድርቅ ካለ በኋላ በወረቀት ከረጢት አድርገህ ሦስት አራት ሳምንት ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ከዚያ ብርሃን ባለበት ቦታ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፍስስበት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲለቀው ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ጨው አታስገባ፤ ጨው የሚፈልገው አርቴሚያ የሚባለው ዘመዳቸው ነው።

ምግብ ላይ ስስት ይኑርህ። በውሃ የተበጠበጠ እርሾ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ውሃው በትንሹ ደብዘዝ ይበል፣ እስኪጠራ ድረስ አትድገም። የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርስባቸዋል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከውሃው ጥቂቱን በአዲስ ተካ። መጀመሪያ ባይፈለፈሉ አድርቀህ እንደገና ሞክር።

አደራ፣ ጭቃውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ እንዳትጥለው፤ የባሕር ማዶ ፍጥረት ነው። እሷም እዚያ ካለ ኩሬ ዝቃ እንድትልክልህ አትጠይቃት። በካሊፎርኒያ በብርዱ ወራት ሞልተው በሙቀቱ የሚደርቁ ኩሬዎች ብዙዎቹ ለእርሻና ለግንባታ ስለጠፉ፣ አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የተወሰኑ የፌሪ ሽሪምፕ ዝርያዎችን በሕግ ከልላለች።

ለልጅቷስ? እውነቱን ንገራት። «ዕድሜያቸውን ጨርሰው አለቁ፤ ግን እንቁላል ጥለዋል» በላትና የጭቃውን ፎቶ በቴሌግራም ላክላት። ሽሪምፕ ስለ ፍቅራችሁ ምስክር አይሆንም። ፈርተህ ስልኳን ካላነሳህ ግን እሷ የምትተረጉመው ዝምታህን ነው። ዛሬውኑ ደውልላት!

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።