ቁልፉ ለባለንብረቱ ይሰጥ

የዋሽንግተን ግዛት የጥገና መብት ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጸንቷል። አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና መመሪያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ይሁንና ራውተር ከአገልግሎት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ሳይሆን የአምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ ተቋርጦ ነው።

መድኃኒቱ ይታወቃል፦ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ የሊኑክስን ከርነል፣ ለሰሌዳው አዘጋጅቶ መጫን። ሊንክሲስ በ2003 የራውተሩን ምንጭ ኮድ በፈቃዱ ውል ተገዶ ይፋ ሲያደርግ ኦፕንደብልዩአርቲ ለመወለድ በቃ፤ አምራቾች የተዉአቸውን ብዙ ራውተሮችም ዛሬ ያገለግላል።

ብዙ አምራቾች ግን የራሳቸው ዲጂታል ፊርማ የሌለው ከርነል እንዳይነሣ ይቆልፋሉ። ይህ ቤት ሸጦ ቁልፍ እንደማስቀረት ነው። «ለደኅንነት ነው» የሚለው መከራከሪያ ማሻሻያው በቆመ ማግሥት ይፈርሳል፤ መቆለፊያው ቀዳዳውን ሊደፍን የሚችለውን ባለንብረት ያግዳልና።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2021 የራውተርን ቁልፍ መስበር ከክልከላ ነፃ ቢያደርግም አምራቹን አላስገደደም። ስለዚህ የግዛቱ ምክር ቤት አንድ አንቀጽ ይጨምር፦ ድጋፉን ያቋረጠ አምራች ባለንብረቱ የራሱን ከርነል የሚጭንበትን መንገድ ይክፈት። የሲያትል ከተማም በግዥ ውሎቿ ይህንኑ ግዴታ ታስገባ።