የተሰወረው እንጂ ያልተለመደው አይከልከል

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን ብሪጅ የሚጫወቱ ጓደኞቻችን ባልተለመደ ጥሪ ምክንያት ተጣሉ። አንደኛው ወገን «እንዲህ ያለው ጥሪ በደንብ ይታገድልን» ይላል። እኛ ከላስታ የመጣን ተማሪዎች ግን ሌላ አሳብ አለን።

በብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወታሉ፤ ጓደኛ ለጓደኛው የካርታውን ኃይል በጥሪ ያስታውቃል። በልማድ ገና ከመጀመሪያው «ፓስ» ያለ ሰው እጁ ደካማ ነው። ይህን ገልብጠው ጠንካራ ካርታ ይዘው «ፓስ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ይህን ስልት «ቢጫ» ብሎ ለይቶ ከብዙ ውድድሮች አግዶታል። ምክንያቱም ባላጋራ በአጭር ውድድር መልስ የሚያዘጋጅበት ጊዜ አያገኝም የሚል ነው። ይህ ከንቱ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የላሊበላና የጎጃም ልጅ ሲገናኙ አስቀድመው «በየትኛው ሕግ?» ይባባላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን አይከለክልም። በአባቶቻችን ሰንጠረዥም አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይኸውም «ወረራ» ይባላል። ነጻነቱ ያላጣላቸው፣ አንዱ የሌላውን እጅ በግልጥ ስለሚያይ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጥሪያችሁን ትርጉም ከጨዋታው በፊት በወረቀት ጽፋችሁ ለባላጋራችሁ ስጡ፤ የሚያስብበትም ጊዜ ይኑረው። ይህን እንቢ ያለ ይከልከል። ገልጦ የመጣውን ግን እንግዳ ስለሆነ ብቻ ብናግደው፣ ነገ በክርክር ክበባችን አዲስ አሳብ ያመጣውንም ማገዳችን አይቀርም።