ሰዓቱ «ተኝተዋል» ይላል፤ አስታማሚዋስ?

አዳማ የሚኖሩት አጎቴ የመርሳት በሽታ ከያዛቸው 3 ዓመት አልፏል። ባለፈው ዓመት አሜሪካ ያለው ወንድ ልጃቸው እንቅልፍ የሚለካ የእጅ ሰዓት ላከላቸው። ሰዓቱ በየማለዳው ለልጅየው ስልክ «7 ሰዓት ሙሉ ተኝተዋል» የሚል ሪፖርት ይልካል። አብራቸው የምታድረው እህቱ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው እንደሚያነጉ ትናገራለች። ወንድምና እህት በዚሁ ሳቢያ ተኳርፈው ከርመዋል።

ማንን እንመን? እኔ እህትየዋን አምናለሁ። ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ሰዓቶች እንቅልፍን በቀጥታ አያዩም። ዋናው መለኪያ የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግበው የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ሰዓቱ የሚያየው የእጅን እንቅስቃሴና የልብ ምትን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ የተኛን ሰው በመለየት ጎበዝ ቢሆንም ነቅቶ ዝም ብሎ የተጋደመን ሰው በመለየት ግን ደካማ ነው። የግምቱ ቀመርም በአብዛኛው የተሞከረው በጤነኛ ጎልማሶች ላይ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ነቅቶ ሳይንቀሳቀስ ይጋደማል፣ ቀን ወንበር ላይ ያሸልባል፣ ሲመሽ ይቅበጠበጣል፣ አንዳንዴም ሰዓቱን አውልቆ ይጥላል። በሌላ አነጋገር፣ መሣሪያው ይበልጥ የሚሳሳተው ይበልጥ በሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ «ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ሌሊቱን የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። ሰዓቱ «ተኝተዋል» ብሎ ሲሳሳት የእሷ ድካም ይካዳል። «አልተኙም» ብሎ ሲሳሳት ደግሞ ቤተሰቡ ወደ እንቅልፍ መድኃኒት ይሮጣል፤ ይህ መድኃኒት አረጋውያንን ይበልጥ ግራ ሊያጋባቸው፣ ለመውደቅም ሊዳርጋቸው ይችላል።

ሰዓቱ ይጣል ማለቴ አይደለም። ለሳምንታት የተጠራቀመው መረጃ ቀንና ሌሊት መዘበራረቁን ሊያሳይ ይችላል። የአንድ ሌሊት ቁጥር ግን ማስረጃ አይሆንም። ከአዳማም ሆነ ከሞጆ፣ ከባቱም ሆነ ከሻሸመኔ ወደ ሐኪም የሚሄድ ቤተሰብ ከሰዓቱ ይልቅ የአስታማሚዋን ደብተር ያስቀድም፦ መቼ ተኙ፣ መቼ ተነሱ፣ ቀን ምን ያህል አሸለቡ። ሐኪሙም ስልኩን ከማየቱ በፊት እሷን ይጠይቃት።